ጭላዳዎቹ የሸሹት ቀበሮ

በዓመት አንድ ቀን ሁለት ቃል አስተምራለሁ፤ ያን ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ ጀምሮ ሰው ባያናግረኝ ይሻላል። ጠመኔ ይሰበርብኛል፤ ወንበር ያንቋቋ ተማሪ ላይ እጮሃለሁ፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅም ወደ መምህራን ክፍል አልገባም። ባልደረቦቼ ለምደውኛል። "ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?" ይሉና ይተዉኛል።

ሞላሌ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሁለቱ ቃላት ፖፑሌሽንና ኮሚዩኒቲ ናቸው። ፖፑሌሽን ማለት በአንድ ቦታ የሚኖር የአንድ ዓይነት ፍጥረት ብዛት ነው እላቸዋለሁ፤ ጓሳ ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ አንድ ፖፑሌሽን ናቸው፣ ጭላዳዎቹ በሙሉ ደግሞ ሌላ። ኮሚዩኒቲ ግን ቀበሮውም፣ ጭላዳውም፣ አይጡም፣ ሣሩም፣ በጉም፣ ውሻውም አንድ ላይ፣ እርስ በርስ ከሚደራረጉት ነገር ጋር ነው። የመጀመሪያው ይቆጠራል። ሁለተኛውን ለማወቅ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ተማሪዎቼ ይህን ይጽፋሉ፤ ፈተና ላይም ብዙ አይሳሳቱም። እኔ ግን ዲግሪ ይዤ፣ አስተማሪ ተብዬ ተሳስቼዋለሁ። የተሳሳትኩትም በአባቴ ላይ ነው።

አባቴ ጓሳ ጠባቂ ነበሩ። ጓሳ ቤታችን ካለበት መንደር በላይ ያለው ብርዳም ሜዳ ነው፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣርም ስሙ ያው ጓሳ ነው። ሣሩ እንዲያድግ ሜዳው በአገሬው ስምምነት ለዓመታት ይዘጋል፣ በአገሬው ስምምነት ይከፈታል፤ በተዘጋበት ጊዜ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው ይቀጣል። አባቴ አንድ ጊዜ የገዛ እኅታቸውን ልጅ ሲያጭድ አግኝተው፣ እጁን ይዘው ራሳቸው ሽማግሌ ፊት አቁመውታል። አክስቴ ሁለት ፋሲካ ሙሉ ቤታችን አልመጣችም። እናቴን አንቺ እላታለሁ፣ እሳቸውን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ነበር የምላቸው፤ አንተ ለማለት የሚመቹ ሰው አልነበሩም። ያም ሆኖ የቤታችን ቀልደኛ እሳቸው ነበሩ።

በእረፍት ቀኖቼ እንስሳ ከሚቆጥሩ ሰዎች ጋር ጓሳ እወጣ ነበር። ቅጽ ይሰጠናል፤ ለቀይ ቀበሮ አንድ ዓምድ፣ ለጭላዳ አንድ ዓምድ፣ ለሌላው ሌላ ዓምድ፤ ከግርጌው ማስታወሻ የምትባል ቀጭን መስመር አለች። አባቴ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከጎኔ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና የምሠራውን ያያሉ። በጎቻችንና ውሻው ከታች ካለው መስክ ላይ ይቀራሉ።

"ስንት አገኘሽ?" ይሉኛል።

"ሦስት ቀበሮ። ጭላዳውን ገና ቆጥሬ አልጨረስኩም።"

"ቀበሮዎቹን የት አየሻቸው?"

"እዚያው ከጭላዳዎቹ መሀል፣ አባባ።"

"ታዲያ እሱን ጻፍሽው?"

"እሱ እዚህ ቦታ የለውም።"

"ኧረ ወዲያ! ዋናውን ትተሽ ምኑን ልትጽፊ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሽው?"

ዋናው እሳቸው እንዳሉት ነበር። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሀል ገብቶ ይውላል። ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ እሱ በእርጋታ በመሀላቸው እየሄደ አይጥ ያድናል፤ ግልገላቸውን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። ውሻ ሲያዩ ግን አንድም ሳይቀር ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። አባቴ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩት ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ ኋላም አንብቤዋለሁ። ቅጹ ግን ቀበሮውን ከጭላዳው ለይቶ ነበር የሚጠይቀኝ፤ እኔ ደግሞ የተጠየቅኩትን ብቻ የምመልስ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

አንድ ታኅሣሥ፣ ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ውሻ የሚከትቡ ሰዎች ወደ መንደራችን መጡ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል፤ አንዴ ከገባባቸው ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ በጓሳ ዙሪያ ያሉ ውሾች መከተብ ነበረባቸው። ቤቱን ሁሉ ስለማውቅ መዝገቡን እኔ ያዝኩ። ከቤት ቤት እየዞርኩ ሰው ውሻውን እንዲያስከትብ ስለምን ሰነበትኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሳይቀር ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ለፈለፍኩ።

አባቴ እምቢ አሉ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። በፊተኛው ዙር የተወጋ የአንድ ጎረቤት ውሻ በማግስቱ ተኝቶ ዋለ፤ በዚያው ሰሞን ጅብ ከዚያው ጎረቤት በረት አንዲት እናት በግ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የተወጋ ውሻ ይደነዝዛል፣ ጅብ አያይም የሚል ወሬ አገሩን አዳረሰው። አባቴ በጎቻቸውን የሚጠብቅላቸው ያ አንድ ውሻ ነው፤ ቢጫ፣ ጆሮ ትልቅ፣ ከሳቸው በቀር ለማንም የማይታዘዝ። "መርፌው ለቀበሮው ጤና ነው፤ ለኔ በግ ምን ይጠቅማል?" አሉኝ። ክርክር ጀመርኩ፤ አልሰሙኝም። ከታቢዎቹ ግቢያችን ሲደርሱ ውሻው ገለባ ቤት ተዘግቶበት ነበር። እናቴ "ከበጎች ጋር ነው" አለች። ውሻው በሩን ሲቧጭር እኔ በደንብ ይሰማኛል። ድምፁ እንዳይሰማ ጮክ ብዬ ሳልኩ።

"የዚህ ቤት ውሻ ተከትቧል?" አለኝ ከከታቢዎቹ ጋር የመጣው የእንስሳት ሐኪም።

"አዎ፣ ትናንት ላይኛው መንደር አስወስጄ አስወግቼዋለሁ" አልኩና በትናንቱ ገጽ ክፍት በቀረችው የመጨረሻ መስመር ላይ የአባቴን ስም ጻፍኩ። ከጎኑ፦ ተከትቧል።

ለምን እንዳደረግሁት እነግራችኋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። የጓሳው ጠባቂ እምቢ አሉ ቢባል መንደሩ በሙሉ እምቢ ይል ነበር፤ ይህ እውነት ነው። አፈርኩም፤ አገሩን ስሰብክ ሰንብቼ የገዛ አባቴን ማሳመን አቃተኝ መባል ሞት መሰለኝ። ከሁሉም በላይ ግን ሒሳብ አሰብኩ። በሽታውን ለማቆም ውሻው ሁሉ የግድ መከተብ የለበትም፤ አብዛኛው ከተከተበ በሽታው መሄጃ ያጣል። አንድ ውሻ ቢጎድል ፖፑሌሽኑ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ሒሳቡ ያን ጊዜ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ጠሩኝ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"ተከትቧል ብዬ።"

በሕግ ጉዳይ ለእኅታቸው ልጅ ያላዘኑ ሰው ፊታቸው ቀላ። "እኔን ብለሽ ዋሸሽ" አሉኝ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "በይ፣ ይህ ነገር እዚሁ በኛ መሀል ይቅር" አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ከአባቴ ጋር ምስጢር ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

የካቲት ላይ ለቆጠራ ወጣሁ። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። እንደ ወትሮው አባቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ከፊታችን ብዙ ጭላዳ ተበትኖ ሣር ይነጫል። ከወደ ምሥራቅ አንድ ቀይ ቀበሮ ብቅ አለ። አንገቱን አቀርቅሮ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጭላዳዎቹ መጣ። ከዚያ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀውን አየሁ፤ ጭላዳዎቹ ተንጫጩና ግልገላቸውን እያዘሉ ወደ ገደሉ ሮጡ። ቀበሮው አልተከተላቸውም። እንዲያውም ያያቸው አልመሰለኝም። በኋላ እግሩ እየተንገዳገደ በባዶው ሜዳ አልፎ ቁልቁል ወረደ።

አባቴ ብድግ ብለው ቆመዋል። "ይሄ ቀበሮ ደህና አይደለም" አሉ። "ጭላዳዎቹ ሸሹት።"

እኔ ቅጹ ላይ በቀበሮው ዓምድ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

"ጻፊው እንጂ" አሉኝ።

"ጽፌያለሁ፤ አንድ ቀበሮ።"

"እሱን አይደለም። ጭላዳዎቹ ሸሹት ብለሽ ጻፊ።"

ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ መኪናው ሳያመልጠኝ ሞላሌ መመለስ ነበረብኝ፤ በማግስቱ ተማሪ እፈትናለሁ። ማስታወሻዋ መስመር ላይ ደግሞ "ኃይለኛ ነፋስ" ብዬ ሞልቼባታለሁ። ሳቅኩባቸው። "አባባ፣ ቀበሮው በሕይወት አለ አይደል? ቁጥሩ እኮ አልጎደለም" አልኳቸው። ይህን ያልኩበት ድምፄ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ለሰነፍ ተማሪ የማስረዳበት ድምፄ ነው።

ስንወርድ ከታች የውሻ ጩኸት ሰማን፤ ከዚያ ጸጥ አለ። በጎቹ አንድ ጥግ ተጨናንቀው ቆመዋል። ውሻው ጆሮው ተቀዶ እየደማ፣ ጭራውን እየወዘወዘ ሊቀበለን መጣ። አባቴ ደሙን በእጃቸው ጠረጉለት፤ "ጎበዝ፣ አባረርከው" አሉት። እኔም ራሱን ዳበስኩት። አስቡት እንግዲህ፤ የባዮሎጂ አስተማሪዋ እዚያው ቆሜያለሁ። የታመመ ቀበሮ አይቻለሁ፤ ያልተከተበ ውሻ አውቃለሁ፤ ንክሻውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስቱን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። ቅጼን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ መኪናው ሮጥኩ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄድኩ፤ ሁለት ሳምንት ነው። በመሀሉ አባቴ ደወሉ። የስልክ ወግ አይወዱም ነበር፤ ሁልጊዜ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ይጮሃሉ።

"ውሻው ሞተ" አሉኝ።

"ምን ሆኖ?"

"አርጅቶ ነዋ።"

"ነፍሱን ይማረው፣ ለተዝካሩ እመጣለሁ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ በልጉ ዝናብ አወራንና ስልኩ ተዘጋ።

ከልደታ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ እናቴ ደወለች። "አባትሽ ታሟል" አለችኝ። "እጁን ውርር አደረገኝ ሲል ሰንብቶ ትናንት አተኮሰው። ዛሬ ደግሞ ውሃ እምቢ አለ። ይጠማዋል፤ ግን ጣሳውን ሲያይ ይንቀጠቀጣል።" ተማሪዎቼ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላ ነገር ልትነግረኝ አላስፈለጋትም ነበር።

ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የነፍስ አባታቸው ጠበል ይዘው መጥተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጾም ያልገደፉ አባቴ፣ ጠበሉ ወደ አፋቸው ሲቀርብ ጉሮሯቸው ይታነቃል፣ ገላቸው ይንፈራገጣል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ይመልሳሉ። ውጭ የቆመው ሰው ማንሾካሾክ ጀምሯል። ጠበል የሚሸሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አገሬው የሚያስበውን ታውቁታላችሁ። አባቴም ያውቁታል። ትንፋሽ ባገኙ ጊዜ ሁሉ የነፍስ አባታቸውን እጅ ይይዙና ያለቅሱ ነበር።

"አባ፣ እኔ ጠልቼው አይደለም። ጉሮሮዬ ነው። ይመኑኝ፣ ጉሮሮዬ ነው።"

"የውሻ በሽታ ነው፣ አባ" አልኩ። "በሽታው ነው ውሃ የሚያስፈራቸው።" ቄሱ የጠበሉን ዕቃ መሬት አስቀመጡና መስቀሉን ብቻ ግንባራቸው ላይ አደረጉላቸው። አባቴ በረድ አሉ። ከዚያ ወጥቼ ውጭ ለቆመው ሰው ተናገርኩ፤ ጮህኩ ማለት ይሻላል። የሰማኝ ሰማ፣ ያልሰማኝም አልሰማም።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚመልሰው መድኃኒት እንደሌለ ነገረኝ፤ እንደተነከሱ መጥተው ቢሆን ግን መርፌው ያድናቸው ነበር አለኝ። ሁሉንም የማውቀው ነው፤ በየዓመቱ የማስተምረው ነው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ "መቼ ነው ውሻው የነከሰዎት? ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። "ተይኝ ልጄ" አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ተናደድኩባቸው። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ንዴቱ ነበር በእግሬ ያቆመኝ። ግትር ናቸው፣ የሆነባቸውን የማይናገሩ፣ ሐኪም የማያምኑ፤ ራሳቸውን ገደሉ እያልኩ ስብከነከን ሰነበትኩ። የኔን መዝገብ ግን ለማንም አላነሳሁም። መንደሩ በድንጋጤ ውሻውን እየጎተተ ሳይጠራ ለክትባት ሲሰለፍ እንኳ፣ እኔ ዳር ቆሜ ዝም ብዬ አየሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ቀበሮው በኔ ቅጽ ላይ ነበር፤ አንድ ተብሎ፣ በትክክል። ውሻው በክትባቱ መዝገብ ላይ ነበር። አባቴ ደግሞ በቀበሌው የሰው ቁጥር ውስጥ ነበሩ፤ አንድ አባወራ። ሁሉም ተቆጥረዋል። ቀበሮው ውሻውን እንደነካው፣ ውሻው በየቀኑ የአባቴን እጅ እንደሚልስ፣ ጭላዳዎቹ ከሁላችንም ቀድመው እንዳወቁ ግን የትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ያን ያዩት አንድ ሰው ነበሩ፤ ጻፊው ብለውኛል።

አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲበተን፣ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባናቸውን ታጣጥፋለች። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"እማዬ፣ ውሻው አልተከተበም ነበር" አልኳት። "ተከትቧል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለችኝ፤ ማጣጠፏን አላቆመችም።

"አባባ ነገሩሽ?"

"አልነገረኝም። ጤና ኬላ ነው ያወቅሁት።"

አልገባኝም። ጤና ኬላ የሄዱበትን ቀን አላውቅም ነበር።

"ውሻው የነከሰው ቀን ይዤው ሄድኩ እኮ" አለች። "ውሻው ምግብ እምቢ ብሎት እጁን ወደ አፉ ሲያስጠጋለት ነው የያዘው። ጤና ኬላ ያለችው ልጅ ቁስሉን አጠበችለትና፣ 'ውሻው ተከትቧል ወይ?' አለችው። አባትሽ ዝም አለ። እሷም የክትባቱ መዝገብ ያለበት ቦታ ደወለች፤ ተከትቧል ይላል አሏት። 'እንግዲያ አትስጉ፣ ውሻውን አስር ቀን ጠብቁት፤ አንድ ነገር ከሆነ ቶሎ ኑ' አለችን። በአራተኛው ቀን ውሻው ሞተ።"

"ታዲያ ለምን አልተመለሳችሁም?" ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ።

ባናውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "ተነስ እንሂድ አልኩት። ለመንኩት። 'ከሄድን ውሻው አልተወጋም ነበር ማለቴ ነው' አለኝ። 'ልጃችን አገሩን ሰብስባ እያስተማረች ዋሽታ ተገኘች ይሏታል፤ ሥራዋንም ይነሷታል። ቁስሉ ትንሽ ናት፣ ድናለች' አለኝ። ላንቺ ልደውልልሽ ስለው ስልኩን ከእጄ ቀማኝና ራሱ ደወለልሽ። ያን ጊዜ ስትስቂ እኔም አጠገቡ ሆኜ እሰማ ነበር። ስልኩን ዘግቶ፣ 'ይኸው፣ ደስ ብሏታል' አለኝ።"